ሪሞት የሌላት ትራክተር

ዜናው የደረሰኝ እዚህ በስደት አገር፣ ኢቶቢኮ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ የቁርስ ሳህን እያነሳሁ ሳለ ነው። ቅዳሜ ነበር። ያኔ የሚታጠፍ ስልክ ነበረኝ፤ በሥራ ሰዓት ስለማይፈቀድ ድምፁን አጥፍቼ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው የማኖረው። ሲንቀጠቀጥብኝ ዝም አልኩት። ደገመ። ሲሠልስ ደነገጥኩ፤ አባቴ ያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር እርሻ ወጥቶ ነበራ! ማቀዝቀዣው ጀርባ ገባ ብዬ አነሳሁት።

«ስንዱ!» አሉኝ ጋሼ ሙሉጌታ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «ዲስኩ አልወርድ አለ።»

«አባዬ ደኅና ነው?»

«አባባማ ደኅና ናቸው። ዲስኩ ነው እንጂ! እንደተሰቀለ ቀረ። ሰዎቹ ሪሞቱን አስቀርተውብናል!»

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ ሪጀንት ፓርክ ያሉት የድሮ ቤቶች መፍረስ በጀመሩበት ዘመን ነው። ነገሩን የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔም ሰው መሃል ሲነገር አብሬ እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ያንገበግበኛል። ለምን እንደሚያንገበግበኝ ከሥሩ ጀምሬ ልንገራችሁ።

አባቴን ስፖንሰር አድርጌ ያመጣሁት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። የምንጃር ገበሬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጤፍና ሽምብራ ሲያፈራርቅ ኖሮ፣ በስተርጅና ቶርንክሊፍ ፓርክ መጥቶ ከእኔ ጋር ፎቅ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል፣ ይጸልያል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ኮፍያውን ያደርጋል፤ ከዚያ የትም አይሄድም። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስቦ ታች ያለውን የመኪና ማቆሚያ ሲያይ ይውላል።

«ይህ ሁሉ ሣር የማን ነው?» አለኝ አንድ ቀን፣ በሕንፃዎቹ መሃል ያለውን መስክ እያሳየኝ።

«የማንም አይደለም አባዬ። ለማየት ነው።»

«ለማየት!» አለ። ፊቱንም ከመስኮቱ መለሰ።

ከሁሉ የከፋው ግን የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነበር። አገር ቤት እያለ ዝናቡ ሲዘገይ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «ጋሽ ታፈሰ፣ እንዝራ ወይስ እንቆይ?» ይለው ነበር። እዚህ ማን ምን ብሎ ይጠይቀው? እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ስለ ሞርጌጅና ስለ ሺፍት ሲያወራ፣ እሱ ጥግ ይዞ ጉልበቱን ይዳብሳል። «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» ይሉታል፤ መልሱን ሳይጠብቁ ያልፋሉ።

እግዚአብሔር ሲያደርገው፣ በመጦሪያው ምሳ የማጎርሳቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። ልጃቸው ራሱ ሽማግሌ ነው፤ ከከተማው በስተሰሜን ወጣ ብሎ መሬት አለው። እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ስለ አባቴ አጫወትኩት። በሳምንቱ ተመልሶ፣ «ጥግ ላይ ጦሙን የሚያድር መሬት አለኝ። አባትሽንም ሌሎቹንም አረጋውያን አምጪና ይዝሩበት» አለኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ። ከዚህ በፊትም ሰዎች መሬት ለምነውት ሳይነኩት ትተውበት ሄደዋል። እና እስከ ሜይ መጨረሻ ታርሶ ካላየው ለጎረቤቱ ይሰጠዋል፤ ጎረቤቱም አኩሪ አተር ይዘራበታል።

ለአባቴ ስነግረው ተነሥቶ ቆመ። «አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ጥቁር ነው ቀይ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ሳታዪው ነው የተቀበልሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። ደስ አለኝ። ከመጣ ጀምሮ ሲቆጣኝ የመጀመሪያው ነበር።

ለሰበካ ጉባኤው ነገርኩ። ጋሼ ሙሉጌታ ሰብሳቢ፣ እትዬ አስካለ ገንዘብ ያዥ፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛውን ስለምችልና ነገር ስለማጣራ ተላላኪ ሆነን ተመረጥን። ጋሼ ሙሉጌታ በበረዶው ወራት የሱቆችን ደጅ የሚጠርጉባት አንዲት ትንሽ ትራክተር አለቻቸው። «ወይዘሪት» ነው የሚሏት። በረዶ የገፋች ትራክተር አፈር አያቅታትም ተባለ። የጎደለን ከኋላዋ የሚታሰረው ማረሻ ብቻ ነበር። የእርሻ ዕቃ ለሚሸጥ አንድ ዲለር ኮል አደረግሁ። ሰውየው ችኩል ነው፤ ከጀርባው ሌላ ስልክ ይጮኻል። ጥያቄዎቹን ደርድሮልኝ «የትራክተሩን ባለቤት ጠይቂና ንገሪኝ» ብሎ ዘጋው።

እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ ጥያቄዎቹን አቀረብኩ።

«ትራክተሯ ስንት የፈረስ ጉልበት አላት ይላል።»

«ሠላሳ!» አሉ ጋሼ ሙሉጌታ ደረታቸውን ነፍተው።

«የሞተሯ ነው ወይስ ከኋላዋ ወጥቶ የሚሽከረከረው ዘንግ ላይ የሚደርሰው? ፒቲኦ ይለዋል። ዕቃውን የሚያዞረው እሱ ነው አለኝ።»

«ስንዱ፣ ፈረስ ፈረስ ነው። በፊት ቢያዩት ፈረስ ነው፣ በኋላ ቢያዩትም ፈረስ ነው።»

ተሳቀ።

«ሃይድሮሊክስ? የዘይት ግፊት አላት ወይ ይላል።»

«ታዲያ ፊቷ ላይ ያለውን ያን የሚያህል የበረዶ አካፋ በምን ታነሣዋለች? በጸሎት?»

አሁንም ተሳቀ።

«እሺ። ከኋላስ ሪሞት አላት ወይ ይላል።»

እዚህ ላይ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። «ሪሞት? የቴሌቪዥን ዓይነት?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አላብራራልኝም። ነገ ደውዬ ምን ማለቱ እንደሆነ ልጠይቀው።»

«ይቺ ደግሞ!» አሉ እትዬ አስካለ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ውኃ ለማፍላትም ማኑዋል ታነባለች እኮ!»

«ተጨማሪ ዕቃ ሊጭኑብን ነው፤ የፈረንጅ ነገር» አሉ ጋሼ ሙሉጌታ። «ይልቅ ገበሬ እያለ ነጋዴ ለምን ይጠየቃል? አባባ ታፈሰ! እርስዎ ይፍረዱን። ለእርሻ ሪሞት ያስፈልጋል?»

አዳራሹ ወደ ጥጉ ዞረ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ትንሽ አሰበ።

«እኔ ምኑን አውቄው ልጆቼ» አለ። «ስንዱ ቤት አንድ አለ። እሱን ስነካው ፈረንጁ ዝም ይላል እንጂ፣ መሬት ሲያርስ አላየሁም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አስካለ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከኋላ የነበሩት «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያሉ አስደገሙት። «ተፈረደ!» አሉ ጋሼ ሙሉጌታ ጠረጴዛውን መትተው። ሰው እየመጣ የአባቴን ትከሻ ይነካል፣ እጁን ይጨብጣል፣ «አባባ፣ እንዲህ ነዎት እንዴ?» ይለዋል።

በአውቶቡስ ወደ ቤት ስንመለስ መስኮት መስኮቱን እያየ ቆይቶ «ሳቁ እኮ» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

ጥቂት ፌርማታ አለፍን። «ያ ፊት የሚቀመጠው ኮስታራውም ሳቀ?»

«እሱም ሳቀ።»

ያን ዕለት እራቱን እስኪጠግብ በላ።

በማግስቱ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ጋሼ ሙሉጌታ ራሳቸው ዲለሩ ጋ ደወሉ። ነገሩ እንዳይጓተት ብለው ነው፤ አልወቅሳቸውም። «ሠላሳ ፈረስ አለን፣ ሃይድሮሊክስ አለን፣ ሪሞት አያስፈልገንም» አሉት። ሰውየውም እሺ ብሎ ዲስኩን ለቅዳሜ መሬቱ ድረስ ሊያደርስልን ተስማማ። ዲስክ የሚሉት ጠርዛቸው የተሳለ ክብ ክብ ብረቶች የተደረደሩበት፣ በጎማ ላይ ተቀምጦ ከትራክተር ኋላ የሚጎተት ዕቃ ነው። ብረቶቹ አፈሩን እየቆራረጡ ይገለብጡታል።

እንግዲህ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ በዋለው በዚያ ቅዳሜ ነው ስልኩ የተደወለልኝ። ሥራዬን እንደጨረስኩ ታክሲ የሚነዳ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ መሬቱ ድረስ አደረሰኝ። መንገዱን ሙሉ በልቤ «እግዚኦ» ስል ሄድኩ።

ስደርስ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። አረጋውያኑ በሜዳው ዳር በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል። ዘሩ በየከረጢቱ አጠገባቸው ተቀምጧል። ጋሼ ሙሉጌታ ወይዘሪትን እየነዱ ከዳር ዳር ይመላለሳሉ። ዲስኩ ብረቶቹን ሁሉ አየር ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ጭቃ እንዳይነካው ቀሚሱን ሰብስቦ እንደሚሄድ ሰው፣ በጎማው ብቻ ይከተላቸዋል። መሬቱ አልተጫረም። ሣሩ የጎማ ምልክት ብቻ ነበረበት።

«ሲመላለስ ይወርዳል ብዬ ነው» አሉኝ ጋሼ ሙሉጌታ ሞተሩን ሳያጠፉ።

እትዬ አስካለ ዲስኩ የተራገፈበት ቦታ ላይ አጎንብሰው ሣር ለሣር ይፈልጋሉ።

«ምን ጠፋዎት እትዬ?»

«ሪሞቱን ነዋ! ሲያወርዱት ወድቆ እንደሆነ።»

«አያስፈልግም ተብሎ አልነበር?»

«ይኸው አስፈለገ!»

ዲስኩን ዞሬ አየሁት። ከጀርባው ሁለት ጥቁር ቱቦዎች ወጥተው፣ የትም ሳይሰኩ በሲባጎ ታስረው ተንጠልጥለዋል። ጫፋቸው ላይ የብረት መሰኪያ አለ።

«እነዚህስ ምንድን ናቸው?»

«መለዋወጫ ይሆናሉ» አሉ ጋሼ ሙሉጌታ።

የትራክተሯን ጀርባ ተመለከትኩ። ዘንጉ አለ፤ ዕቃ የሚነሣባቸው ክንዶች አሉ፤ ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳ ግን የለም። ስልኬን አወጣሁና ዲለሩ ጋ ደወልኩ። ገና ከመጀመሬ፣ «ቅድም አንድ ሰውዬ ሪሞታችንን ሰረቃችሁ ብሎ ጮኸብኝ» አለኝ ሰውየው። ቀስ ብዬ ሪሞት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንዲነግረኝ ለመንኩት።

ነገረኝ። ሪሞት ማለት ለካ ከትራክተሩ ጀርባ ያለ የዘይት መውጫ ነው፤ ቱቦዎቹ የሚሰኩበት። በዚያ በኩል የሚሄደው የዘይት ግፊት ነው የዲስኩን ጎማዎች እያጠፈ ብረቶቹን አፈር ላይ የሚያወርደው። የወይዘሪት ዘይት ፊት ለፊት ወዳለው አካፋ ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ መውጫ የለውም። «ሰውየው አያስፈልገንም ሲለኝ፣ ያላችሁ መስሎኝ ነው» አለኝ። ማስገጠም ይቻላል፤ ዕቃው እስኪታዘዝና እስኪመጣ ግን ሜይ ያልቃል።

ስልኩን አጥፌ ለሁሉም ተረጎምኩላቸው። ቱቦዎቹን አንሥቼ አሳየኋቸው። የወይዘሪት ሞተር አሁንም ይጮኻል።

እትዬ አስካለ ቀና አሉና ወገባቸውን ያዙ። «ታዲያ አያስፈልግም ያሉት አባባ ናቸዋ!» አሉ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ያው የእሁዱ ሳቅ ነው፤ ሰዎቹም ያው ናቸው። አቅጣጫው ብቻ ዞረ።

«እውነትም!» አሉ ጋሼ ሙሉጌታ። «አባባ፣ ጉድ ሠሩን እኮ! ፈረንጁን ዝም ሊያሰኙ ዲስኩን ዝም አሰኙት!»

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። የባቄላ ዘር የያዘውን ከረጢት መሬት ላይ አኖረና ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅር በሉኝ፤ እኔ አላወቅሁም» አለ። በሞተሩ ድምፅና በሳቁ መሃል ማንም አልሰማውም። እኔ ግን አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁት።

ደሜ ፈላ። «እኔ ልጠይቅ ብዬ አልነበር ወይ? ደውዬ ላጣራ አላልኩም?» አልኩ።

«ኧረ ስንዱ፣ ቀልድ ነው! ምነው አከበድሽው?» አሉ እትዬ አስካለ።

ለአፌ ዘብ እንዲያቆምልኝ አምላኬን እየለመንኩ ዝም አልኩ። ዛሬ ሳስበው ብናገር ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው ባለ መሬት ማምሻውን በፒክአፕ መኪናው መጣ። የጎማውን ምልክት አየ፣ የተንጠለጠለውን ዲስክ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «የወሩ መጨረሻ» ብቻ ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ከጋሼ ሙሉጌታ ጋር ዲለሩ ጋ ሄድኩ። በዚህኛውማ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር አይኖርም ብዬ ቆርጬ ነበር። ወይዘሪት ዘይቷ ወደ ኋላ ባይወጣም፣ ዘንጓ ግን ይዞራል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ቱቦ የማይፈልግ፣ በዘንጉ የሚሽከረከር፣ ክንዶቿ ራሳቸው የሚያነሡትና የሚያወርዱት ዕቃ ነው። ሮቶቫተር ይሉታል፤ እንደ ጥፍር የታጠፉ ብረቶቹ እየዞሩ አፈሩን ይፈጩታል። ሰውየው ዲስኩን ሊለውጥልን ፈቀደ።

ጋሼ ሙሉጌታ በመጋዘኑ ካሉት ሁሉ ሰፊው ጋ ሄደው ቆሙ። «ይኼ ነው። ቶሎ ያዳርስልናል።»

«ጋሼ፣ ይጠየቃል» አልኩ። ሻጩንም ጠየቅሁት፤ ሠላሳው ፈረስ ዘንጉ ጋ ሲደርስ ስንት ይሆናል? ሰውየው ሳቀ። ሠላሳ የሞተሩ ነው፤ ከዚያ ላይ ትራክተሯ ራሷ ትበላለች፤ ለዕቃው የሚተርፈው ከዚያ ያነሰ ነው አለ። ያ ሰፊው ከታሰረባት ታቃስታለች፣ ከዚያ ትቆማለች።

ለጋሼ ተረጎምኩላቸው።

«ፈረሶቹ የት ሄዱ?» አሉ። «እኔ ሠላሳ ነው የገዛሁት!»

«መንገድ ላይ ቀሩ ጋሼ።»

«ጉድ ነው! እዚህ አገር ከፈረስም ታክስ ይቆረጣል?»

በንዴቴ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። ጠበብ ያለውን፣ የጎማዎቿን ምልክት ብቻ የሚሸፍን ስፋት ያለውን አስለወጥኩ። ዘንጉ የሚዞርበት ፍጥነት ከዕቃው ጋር መስማማቱንም ጠየቅሁ። ጋሼ ሙሉጌታ ሰዓታቸውን እያዩ «አጣሪዋ» ሲሉኝ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

በተከታዩ ቅዳሜ ወይዘሪት መሬቱን እንደ ዱቄት አደረገችው። እትዬ አስካለ እልል አሉ። ሽማግሌው ባለ መሬት መጥቶ አፈሩን በእጁ ዘግኖ አየና «ይኸው፣ የናንተ ነው» አለን። ያ ሁሉ ደስታ ሲሆን አባቴ አልነበረም። ጠዋት ኮቱን ለብሶ ከተዘጋጀ በኋላ «እግሬን ያዘኝ፤ ሂጂ አንቺ» አለኝ። አፈሩ ጥቁር ነው ቀይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላም አልሄደም። በጋውን ሙሉ ሌሎቹ አረጋውያን በተራ ሲወሰዱ፣ የእሱ እግር እንደያዘው ቀረ። መሬቱን የለመንኩት ለእሱ ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ያን ሰሞን ማታ ማታ ዜና ከጨረሰ በኋላ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዶ ቁልፉን በጣቱ ተጭኖ ሲያጠፋው አየሁት። ሪሞቱ አጠገቡ ተቀምጧል። «አባዬ፣ ለምን ትነሣለህ?» አልኩት። «ልንቀሳቀስ ብዬ ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን እስከ ዛሬ ያንን ሪሞት ሲነካ አይቼው አላውቅም።

ጎመኑ ሲደርስ ከእኔ ድርሻ አንድ ጭብጥ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ቅጠሉን አገላብጦ አየ። «ውኃ በዝቶበታል፤ ቦይ ቢያወጡለት…» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። «ልንገራቸው?» ስለው፣ «ተዪው። እነሱ ያውቃሉ» አለ።

ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ጥፋቱ የማን ነበር? ቃሉን ሳያብራራ የዘጋብኝ ሻጭ፣ ምንነቱን ሳያውቁ አያስፈልገንም ያሉት ጋሼ ሙሉጌታ፣ ማጣራትን እንደ ነውር የቆጠሩት እትዬ አስካለ፣ ስቆ ያጸደቀው ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ሽማግሌ ቀልድ ላይ ጭነውት ቀለል ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሸክሙን የወሰደው አንድ እሱ ብቻ ነው።

ጋሼ ሙሉጌታን ለብቻቸው አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ። «ኧረ ስንዱ! አባባን እኮ ያስወደዳቸው ያ ቀልድ ነው። ስማቸው የተነሣው በሱ ነው!» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እናቴ ያረፈች ዕለት ከማንም ቀድመው ቤቴ የደረሱት እሳቸው ናቸው። ግን አልገባቸውም። ሰርግ ላይ መኪና አልነሣ ሲል «ሪሞቱን አባባን ጠይቁ!» ይባላል። አዳራሹ ውስጥ ማይክሮፎን ሲበላሽም ያው ነው። አባቴ ፈገግ ይልና ጉልበቱን ይዳብሳል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በሰው ፊት ቃል ሲያወጣ አልሰማሁም።

መሬቱ ዛሬ የለም። ሽማግሌው ካረፈ በኋላ ልጆቹ ሸጡት፤ አሁን ረድፍ ረድፍ ቤት ተሠርቶበታል። ወይዘሪትም አርጅታ ተሸጠች። አባቴ ግን አለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እሁድ እሁድ እዚያው ጥግ ላይ ይቀመጣል። እኔም ቂም መያዝ እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ንስሐ አባቴም ነግረውኛል። ይቅር ብያለሁ። ይቅር ያልኩት ነገር ግን በየሰርጉ እንደ አዲስ ሲነሣ፣ እኔም እንደ አዲስ ይቅር ማለት አለብኝ። ይደክማል።

በዚያ እሁድ አዳራሹ ውስጥ፣ በዚያም ቅዳሜ ሜዳው ዳር የነበራችሁ፣ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ይቅርታ በሉት አልላችሁም፤ ይቅርታ ብትሉት የባሰ ይሸማቀቃል። ቀልዱንም ተዉት አልላችሁም፤ የእሱ ቀልድ ነው፣ ያውም ጥሩ ቀልድ ነበር። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው። እሁድ ስታገኙት አጠገቡ ወንበር ሳቡና አንድ ነገር ጠይቁት። በረንዳችሁ ላይ የተከላችሁት ቃሪያ ቅጠሉ ለምን ቢጫ እንደሆነ ጠይቁት። ባቄላ ከመዘራቱ በፊት ይዘፈዘፍ ወይስ አይዘፈዘፍ እንደሆነ ጠይቁት። መልሱን ብታውቁትም ጠይቁት።

ጠይቃችሁትም አትለፉ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ መልሱን ጠብቁት።